የአባቴ ጢምና የዘጌ ሽማግሌዎች

ሽማግሌዎቹ መጡ፣ ስለ ዓሣ አወሩ፣ ሄዱ።

ሦስት ነበሩ። ከቅዳሴ በኋላ ከዘጌ በጀልባ ተሻግረው፣ ነጭ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ከወደቡ እስከ ሰፈራችን ሹም አቦ ድረስ በባጃጅ መጡ። የመጡበትን ጉዳይ እኔም አባቴም ጎረቤቱም ያውቀዋል፤ እኔን ለሕዝቅኤል ሊጠይቁ ነው። ጓዳ ቆሜ በመጋረጃው በኩል አዳምጣለሁ።

ለልጅ ጥያቄ የመጣ ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚጀምረው። «ተቀመጡ» ሲባል «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ይላል። ይለመናል፣ እንቢ ይላል፣ እንደገና ይለመናል። ይህን ሁሉ ልታገሥ ተዘጋጅቼ ነበር። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ የሆኑት የሕዝቅኤል አጎት መሪጌታ ገድሉ ግን ገና ከበሩ እንደገቡ አባቴን አዩት። ከራሱ ጀምረው ጢሙ እስከሚያልቅበት እስከ ደረቱ ድረስ አዩት። ከዚያ ማንም ተቀመጡ ሳይላቸው ተቀመጡ። ሁለቱም ተከትለው ተቀመጡ።

«ዘንድሮ ዓሣው ጠፋ» አሉ መሪጌታ።

«እምቦጩ ነው» አለ አባቴ።

«እምቦጩም አለ፣ መረቡም በዛ።»

እንዲህ እያሉ ጠላቸውን ጠጡ፣ የቀረበውን ቀመሱ፣ ቤቱን መረቁና ተነሡ። ስለ እኔ አንድ ቃል አልወጣቸውም።

ገና ከግቢው ሳይርቁ ሕዝቅኤልን ደወልሁለት። ሕዝቅኤል ቀያሽ ነው፤ እኔ መሐንዲስ ነኝ፤ የተዋወቅነው ዩኒቨርሲቲ ነው።

«አጎትህ ምን ሆነው ነው?» አልሁት።

«አሁን ደውለውልኝ ነበር። አባትሽን አይተው ደነገጡ። ‹ሐዘን ላይ የተቀመጠን ሰው ልጅህን ስጠን ማለት ነውር ነው› ነው የሚሉት።»

«እናቴ ከሞተች ከዓመት በላይ ሆናት። ሙት ዓመቷ ጥቅምት ላይ ወጥቷል።»

«ሙት ዓመቷ ወጥቷል። እሳቸው ግን አልወጡም። ፀጉራቸውን አታዪውም እንዴ?»

«በየቀኑ ነው የማየው።»

«እንግዲህ ለሚመጣው እሑድ እንደገና እልካቸዋለሁ። ያኔም እንደዚህ ካገኟቸው ከፋሲካ በኋላ ነው የሚሉት።»

ከፋሲካ በኋላ ማለት ለእኛ አይሆንም ማለት ነው። ሕዝቅኤል ጅግጅጋ ለሚሠራ መንገድ ተቀጥሮ የካቲት ላይ ይሄዳል፤ ለሁለት ዓመት። እኔም እዚያው ፕሮጀክት ላይ ቦታ አግኝቻለሁ። በጥር ተጋብተን ብንሄድ ሁሉም ደስ ይለዋል። ሳንጋባ አብሬው ልሂድ ብል ግን ከአባቴ ጀምሮ የሚሰማኝ የለም። ስለዚህ የእኔ ሁለት ዓመት በአባቴ ጢም ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው።

ሥርዓቱን አውቀዋለሁ። ሚስቱ የሞተችበት ሰው ፀጉሩንና ጢሙን አይነካም። በአርባዋ፣ ካልሆነም በሙት ዓመቷ፣ እኩዮቹ መጥተው ከተቀመጠበት ያነሡታል። «በቃህ» ይሉታል። ይቆርጡታል፣ ይላጩታል፤ ከዚያ በኋላ እንደ ሰው ይስቃል፣ ሠርግ ይጠራል፣ ሽማግሌ ይቀበላል። ራሱ ተነሥቶ ሄዶ ቢቆረጥ «ቸኮለ» ይባላል። ሬሳው ሳይቀዘቅዝ ሌላ ሚስት የፈለገ ያህል ነው የሚታማው።

ማታውኑ አባቴን ያዝሁት። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ቀኑን የሚያሳልፈው ግቢያችን ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ነው። እራት ሲበላ ጢሙን በግራ እጁ ሰብስቦ ይይዛል፤ ወጡ እንዳይነካው።

«አባዬ፣ ቅዳሜ ፀጉርህን ትቆረጣለህ።»

«ማን ነው የሚቆርጠኝ?»

«ፀጉር ቆራጭ ነዋ!»

«ሰው ራሱን ከሐዘን አያወጣም፣ ምሥጋና። የሚያወጣ ሰው አለ።»

«ማነው? ንገረኝና ልጥራው።»

«የሚጠራ ከሆነማ ምኑን አወጣኝ?»

«እንግዲያው እኔ ምላጭ ገዝቼ እላጭሃለሁ።»

«ልጅ አባቱን ይላጫል? ልትገንዢኝ ነው እንዴ?» ብሎ ጉርሻውን ዋጠ።

ሳምንቱን ሙሉ ከዚህ ሌላ መልስ አላገኘሁም። ሐሙስ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። «እሑድ መጥተው ስለ ዓሣ አውርተው ከሄዱ፣ እኔም እዚሁ ከአንተ ጋር ስለ ዓሣ እያወራሁ አረጃለሁ» አልሁት። ቅዳሜ ጠዋት ግን ፊቱን ታጥቦ፣ ጋቢውን ደርቦ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት።

«ያልሽው ቤት ሩቅ ነው?» አለኝ።

መሃል ከተማ አንድ ሕንፃ ሥር አዲስ የተከፈተ ፀጉር ቤት አለ። ከአዲስ አበባ የመጣ ነው፤ በየከተማው ያው ሰሌዳ፣ ያው ቀይ ወንበር፣ ያው ዘፈን አለው። ከሰፈር ፀጉር ቤቶች ይረክሳል። ወረፋው በቁጥር ነው፤ ማንም ማንንም አይጠይቅም፣ ማንም ስለ ማንም አያወራም። የመሥሪያ ቤታችን ወንዶች ሁሉ እዚያ ነው የሚቆረጡት፤ ከኋላ ሲታዩ ሁሉም አንድ ሰው ናቸው። ገብተው ሻይ ሳይበርድ ይወጣሉ። እንደ እኔ ዓይነት ሰው ያቋቋመው ቤት ይመስለኛል። በደንብ የሚሠራ ነገር እወዳለሁ።

ቁጥራችን ሲጠራ አባቴ ቀዩ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ወጣቱ ቆራጭ ጥቁር ጨርቅ አለበሰውና «አባባ፣ ምን ዓይነት ይሁንልዎ?» አለው።

«ሐዘን ነው» አለ አባቴ።

ወጣቱ ወደ እኔ ዞረ። የዘፈኑ ድምፅ ከፍ ያለ ስለነበር የሰማ አልመሰለኝም። «ሁሉንም አንሣው፤ ፀጉሩንም ጢሙንም» አልሁት።

ቶንዶሱን አስነሥቶ በቀኝ ጉንጩ በኩል ጀመረ። እጁ ጎበዝ ነው፣ አያሳምምም፣ አያመነታም። ነጩ ጢም በጥቁሩ ጨርቅ ላይ እየተንከባለለ ይወርዳል። የአባቴ ጉንጭ ከሥሩ ብቅ ሲል የማላውቀው ሰው ጉንጭ መሰለኝ፤ ገርጥቷል፣ ጎድጉዷል። ቢሆንም ደስ አለኝ። ከምሳ በፊት ጨርሰን ቤት እንገባለን ብዬ አሰብሁ።

ወጣቱ የቀኙን ጉንጭ ጨርሶ ወንበሩን ወደ መስታወቱ አዞረው።

«ኧረ አባባ! እኔ እኮ ሽማግሌ መስለውኝ ነበር፤ ለካ ጎረምሳ ነዎት! እውነቱን ይንገሩኝ፣ ሚስት ሊያገቡ ነው አይደል? ዛሬ ቀጠሮ አለ!»

ከጎናችን ያለው ወንበር ላይ የተቀመጠው ሰውዬ ሳቀ። ቀልዱ ለአባቴ የተለየ አልነበረም፤ ከእኛ በፊት ለተቆረጡት ሽማግሌም ያንኑ ሲላቸው ሰምቻለሁ። እሳቸው ደስ ብሏቸው ትከሻውን መታ መታ አድርገውት ነበር የሄዱት።

አባቴ የወጣቱን እጅ ከነቶንዶሱ ያዘና ቀስ ብሎ ከፊቱ አራቀው። ተነሣ። ጨርቁን ፈትቶ ወንበሩ ላይ አስቀመጠ፣ ጋቢውን ከመስቀያው አወረደ፣ እስከ አፍንጫው ተከናነበና ወጣ።

«አባባ! ገና ግማሽ ነው እኮ!» አለ ወጣቱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ሚስቱ ሞታበታለች።»

«ታዲያ ማን ነገረኝ?»

እውነቱን ነው። ማንም አልነገረውም። የሚነገርበት ቤትም አይደለም።

ባጃጅ ውስጥ አባቴ መንገድ መንገዱን ያያል። ጋቢውን በጥርሱ ነክሶ ይዞታል።

«ልጁ አያውቅም፣ አባዬ።»

«እሱማ አያውቅም።»

«ግማሹን ይዘህ ልትቀር ነው? ነገ እሑድ ነው።»

ወደ ሰፈራችን የሚያስገባው መታጠፊያ ስንደርስ አንገቱን አወጣና ሹፌሩን፣ «በላይ አትሂድ፤ በታች በኩል አዙረው» አለው።

የታችኛው መንገድ ጭቃ ነው፣ ይረዝማል። አባቴ ዓመት ሙሉ በእግሩም ሲሄድ በእሱ በኩል እንደሚዞር አይቻለሁ፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። በላይኛው መንገድ ላይ ያለው አንድ የሚታወቅ ነገር ቢኖር የጋሼ ባምላክ ፀጉር ቤት ነው። አባቴን ከጎረምሳነቱ ጀምሮ የቆረጡት እሳቸው ናቸው። የአንድ እድር ሰዎች ናቸው። እናቴ በሞተች ጊዜ ድንኳኑን ከተከሉት አንዱ ነበሩ። በሙት ዓመቷ ግን አልመጡም።

የሚያወጣው ሰው ማን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። አባቴን ቤት አስገብቼ፣ ሳልቀመጥ ተመለስሁ።

የጋሼ ባምላክ ቤት አንድ ክፍል ነው። አንድ የሚሽከረከር ወንበር፣ አንድ የማይሽከረከር፣ ግድግዳውን ተደግፎ አንድ ረጅም አግዳሚ አለው። አግዳሚው ላይ ሊቆረጡ የመጡና ሊያወሩ የመጡ ሰዎች ተደባልቀው ይቀመጣሉ፤ የሚበዙት የኋለኞቹ ናቸው። ከመስታወቱ በላይ የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ጻድቁ እንደ ሁልጊዜው ከራስ እስከ እግራቸው ፀጉር ለብሰው፣ ከአንበሶቻቸውና ከነብሮቻቸው መካከል ቆመዋል። «ከባምላክ እጅ ያመለጡ እሳቸው ብቻ ናቸው» ይላሉ አቶ ብሥራት፣ የእድሩ ጸሐፊ፣ አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር። አግዳሚው ላይ ሁልጊዜ ከማይጠፉት አንዱ እሳቸው ናቸው።

ጋሼ ባምላክ የአንድ ሰው ማጅራት ላይ ጎንበስ ብለው መቀሳቸውን ያንቀሳቅሳሉ።

«እንደምን ዋሉ፣ ጋሼ ባምላክ።»

«እግዜር ይመስገን። የማን ልጅ ነሽ?»

ክርስትና ስነሣ ነበሩ። «የአለበል ነኝ» አልሁ።

«የትኛው አለበል?»

«ያ ባሕታዊው ነዋ!» አሉ አቶ ብሥራት ከአግዳሚው ላይ። ሰው ሳቀ።

ለዚህ ጊዜ አልነበረኝም። «ጋሼ፣ አባቴን መጥተው ከሐዘን ያውጡልኝ» አልሁ።

መቀሱ ቆመ። «ወጥቶ የለ እንዴ? ከአንቺ ጋር ወደዚያ ቀይ ወንበር ወዳለበት ቤት ሲገባ የታየ መስሎኝ።»

ከተማው ትንሽ ነው። ወሬው ከእኛ ባጃጅ ቀድሞ ገብቷል።

«ግማሽ ነው የተላጨው።»

«ምን?»

«ግማሽ። ቀኙ የለም። ግራው እስከ ደረቱ ነው።»

መጀመሪያ አቶ ብሥራት ሳቁ፤ አግዳሚው በሙሉ ተከተለ፤ ጨርቅ ለብሶ የተቀመጠው ደንበኛ ሳይቀር ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ጋሼ ባምላክ አልሳቁም። ፊታቸውን ወደ ጻድቁ ሥዕል አዙረው ቆሙ። ጀርባቸው ግን ይነቃነቅ ነበር።

ሲመለሱ ፊታቸው ተኮሳትሯል። «በአርባዋ ዕለት የት ነበርሽ?»

«ጓዳ። ከሴቶቹ ጋር።»

«እንግዲያው አልሰማሽም። እድሩ ልኮኝ ዕቃዬን ይዤ ድንኳን ገባሁ። ‹አለበል፣ በቃህ› አልሁት። ምን አለኝ መሰለሽ? ‹አንተም የራስህን ቅበርና ና፤ ያኔ በቃህ ትለኛለህ።› ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት! እናትዓለም ያን ዕለት ቀዶ ሕክምና ልትገባ ሆስፒታል ተኝታለች። ይህን ያውቃል።»

እናትዓለም ባለቤታቸው ናቸው። መታመማቸውን አውቅ ነበር፤ ቃሉን ግን አልሰማሁም ነበር።

«የሐዘንተኛ አፍ አይያዝም፣ ባምላክ» አሉ አቶ ብሥራት።

«ይያዝ አላልሁም! በዚያ ቀን የተናገረውን ትቼለታለሁ። ግን ከዚያ በኋላ በዓመት ውስጥ አንድ ቀን ‹ሚስትህ እንዴት ሆነች› ሊለኝ አይችልም? በጭቃው በኩል እየዞረ! በቃህ ልለው ሁለተኛ በሩ አልረግጥም። እሱ ይምጣ።»

«ራሱ መጥቶ ከሐዘን አይወጣም» አልሁ።

«አይወጣማ።»

«እርስዎም አይሄዱም።»

«አልሄድም።»

«ታዲያ እንዴት ሊሆን ነው?»

ጋሼ ባምላክ ትከሻቸውን ነቀነቁ። ሁለቱም ሥርዓቱን ጠብቀው፣ ሁለቱም ትክክል ሆነው፣ ዓመት ሙሉ ተቀምጠዋል። አንዱ ፀጉሩን ሲያሳድግ ሌላው ቂሙን ሲያሳድግ። ከሁለቱ መካከል የቸኮልሁት እኔ ብቻ ነኝ።

«ነገ ሽማግሌ ይመጣል» አልሁ። «ለእኔ።»

መቀሱ እንደገና ቆመ። «ለአንቺ? ከየት?»

«ከዘጌ። የመሪጌታ ገብረ ሕይወትን ልጅ ነው የማገባው። ባለፈው እሑድ መጥተው የአባቴን ፀጉር ሲያዩ ጉዳዩን ሳያነሡ ሄዱ።»

«በእናንተ ወገን ማን ይቀመጣል?»

ያሰብሁበት ጥያቄ አልነበረም። የአባቴ ወንድም ዱርቤቴ ነው፣ እግሩን ያመዋል። «ማንም» አልሁ።

«ማንም!» መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ከካህናት ቤት ሽማግሌ ሲመጣ አለበል ብቻውን ሊቀመጥ? ነገሩን በሰምና ወርቅ ሲያዞሩበት ምን ሊመልስ ነው? ዕድሜውን ከፈትል ማሽን ጋር ያሳለፈ ሰው! ብሥራት፣ ትሰማለህ?»

«እየሰማሁ ነው። ያውም በግማሽ ፊት።»

«እርስዎ ይቀመጡ» አልሁ።

አባቴን አላስፈቀድሁም። ለማስፈቀድም ጊዜ አልነበረም። ጋሼ ባምላክ አዩኝ።

«አባትሽ ይጥራኛ።»

«አባቴ አሁን ለመጥራት ያለው ግማሽ አፍ ነው።»

አግዳሚው እንደገና ሳቀ። እሳቸው መልስ ሳይሰጡ ወደ ደንበኛቸው ተመለሱ። ማጅራቱን አስተካከሉ፣ ጆሮው ሥር ያለውን አስተካከሉ፣ ወደ ኋላ ራቅ ብለው አዩት፣ ተመልሰው አንድ ፀጉር አነሡ። እንዲህ ዘገምተኛ ሰው አይቼ አላውቅም።

«ጋሼ፣ ቶሎ ቢሉልኝ።»

«ልጄ፣ ይኼ ሰውዬ የመጣው ከአንቺ በፊት ነው። ወረፋ በቁጥር የሚሰጡበት ቤት ሄደሽ የለ? ምነው ቁጥርሽ አልሠራም?»

አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ። ሰውዬው ተነሣ፣ አልኮል ተቀባ፣ ፊቱን አጨማደደ፣ ወጣ። ጋሼ ባምላክ መቀስና ምላጫቸውን በነጭ ፎጣ ጠቅልለው ብብታቸው ሥር ያዙ።

«ተነሥ ብሥራት። ሰድቦ ቢያባርረኝ የሚመሰክርልኝ ሰው እፈልጋለሁ።»

በላይኛው መንገድ ሄድን። ግቢያችን በር ላይ ጋሼ ባምላክ ቆሙ። አባቴ ማንጎው ሥር ጋቢውን ተከናንቦ ተቀምጧል፤ ዓይኑ ብቻ ይታያል።

«አለበል!»

«ማነው?»

«ዓይንህን አልላጩህም መሰለኝ። ባምላክ ነኝ። ዕቃዬን ይዤ ነው የመጣሁት። ልግባ ወይስ ልመለስ?»

«ማን ላከህ?»

«ልጅህ።»

«ልጄ የእድሩ ዳኛ ሆነች እንዴ?»

«አልሆነችም። ብትሆን ግን ከአሁኑ ትሻል ነበር።»

«ስድብ ገና አልተጀመረም» አሉ አቶ ብሥራት። «እየቆጠርሁ ነው።»

ከሁለቱ ማንም ፈቀቅ አላለም። ጋሼ ባምላክ በሩ ላይ፣ አባቴ ዛፉ ሥር። ርቀቱ ጥቂት እርምጃ ነው። ሁለቱንም ትከሻቸውን ይዤ ላጋጫቸው ፈለግሁ። አፌን ስከፍት አቶ ብሥራት ክንዴን ያዙኝ።

አባቴ መሬት መሬቱን እያየ፣ «እናትዓለም እንዴት ሆነች?» አለ።

ጋሼ ባምላክ ፎጣውን ከአንዱ ብብታቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ደኅና ናት። አልቀበርኋትም።»

«እግዜር ይመስገን።» አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ለሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አይቻት ነበር። ከስታለች።»

«አይተሃት ሰላም አላልሃትም።»

«በምን አፌ?»

ጋሼ ባምላክ በሩን አልፈው ገቡ። በአገራችን ይቅርታ እንዲህ ነው የሚባለው፤ ረጅሙን የሚያውቁ ሰዎች ረጅሙን ያደርጉታል፣ እነዚህ ሁለቱ ግን ከዚህ በላይ አልሄዱም። አጠገቡ ሲደርሱ፣ «እስቲ ግለጠው» አሉት። አባቴ ጋቢውን አወረደ። ጋሼ ባምላክ ባዩት ጊዜ አፋቸውን በፎጣው ያዙ፤ አልሆነላቸውም፤ ወገባቸውን ይዘው ሳቁ።

«ሳቅ። ሳቅ» አለ አባቴ። «አንተ ብትመጣ ኖሮ እዚህ እደርስ ነበር?»

«ማነው እንዲህ ያደረገህ?»

«የእሷ ቤት ነው» አለ በአገጩ እኔን እያመለከተ። በግማሽ አገጩ።

ጋሼ ባምላክና አቶ ብሥራት በሁለት ክንዱ ይዘው አነሡት። ዓመት ሙሉ ከተቀመጠበት ከማንጎው ሥር አውጥተው ፀሐይ ወዳለበት ወሰዱትና እኔ ያመጣሁት ወንበር ላይ አስቀመጡት። ጋሼ ባምላክ እጃቸውን ራሱ ላይ ጫኑ።

«በቃህ፣ አለበል። የሺአረግን ነፍሷን ይማርልን። በቃህ። አንተን ያጽናህ። በቃህ።»

የሺአረግ እናቴ ናት። ስሟ በግቢያችን ውስጥ ጮክ ተብሎ ሲጠራ ከሰማሁ ቆይቻለሁ። አባቴ አለቀሰ። ሰው ሲያለቅስ ፊቱ ይንቀሳቀሳል፣ ምላጭ መጠቀም አይቻልም። ጋሼ ባምላክ ምላጩን አንሥተው ጠበቁ። አልቸኮሉም፣ አላባበሉትም። ሲበቃው ቀጠሉ። እኔም ለአንድ ጊዜ ሰዓቴን አላየሁም፤ ውኃ ማሞቅ ነበረብኝ።

እሑድ ከሰዓት በፊት ጋሼ ባምላክ ነጭ ልብስ ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው መጡና ከአባቴ በስተቀኝ ተቀመጡ፤ አቶ ብሥራትም በስተግራው። ከዘራ ይዘው አይቼ አላውቅም፤ ከሰው ተውሰው ይመስለኛል። የአባቴ ራስ በአጭሩ ተቆርጧል፣ ፊቱ ለስልሷል፤ ጢሙ የነበረበት ቦታ ፀሐይ ካየው ቦታ ይነጣል። ዘጌዎቹ ገቡ። መሪጌታ ገድሉ አባቴን ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት።

«ተቀመጡ» አለ አባቴ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም!» አሉ መሪጌታ።

ጓዳ ሆኜ ግድግዳውን ተደገፍሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ለጋሼ ባምላክ ሠርግ ነበር። መሪጌታ ጥያቄያቸውን ከአብርሃምና ከይስሐቅ ጀመሩ፤ ጋሼ ባምላክ በርብቃ መለሱላቸው። የልጁን ዘር እስከ ሰባት ቤት ጠየቁ። አራተኛው ላይ መሪጌታ ሲያመነቱ፣ «አይቸኩሉ፣ ያስታውሱ» አሏቸው። ምግባሩን ጠየቁ፣ መጠጥ ይወድ እንደሆነ ጠየቁ፣ ጅግጅጋ ቤተ ክርስቲያን ቅርብ እንደሆነ ጠየቁ። ስልኬ ላይ ሕዝቅኤል፣ «ምን ላይ ደረሱ?» ብሎ ጻፈልኝ። «ቅድመ አያትህ ላይ» ብዬ መለስሁለት።

በመጨረሻ ጋሼ ባምላክ ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

«መልካም። ጥያቄያችሁ ተሰምቷል። እኛም ከዘመድ ወዳጅ እንመካከራለን። የጥምቀት ማግሥት ተመለሱ።»

መሪጌታ ገድሉ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ቅር አላላቸውም። እንዲያውም ደስ አላቸው። ሴት ልጅ በመጀመሪያው ጥያቄ አትሰጥም፤ ሦስት ጊዜ መመላለስ የሁለቱም ቤት ክብር ነው። ጥምቀት ግን የጥር አጋማሽ ነው። ከዚያ ወዲያ ለሦስተኛ ጊዜ መጥተው፣ ድግስ ተደግሶ፣ ሠርግ በጥር አይሆንም። መጋረጃውን ጨምድጄ ያዝሁ። አንድ ቀን ሙሉ ተሯሩጬ ያመጣኋቸው ሰውዬ የሁለት ዓመት ሕይወቴን በአንድ ዓረፍተ ነገር ወሰዱት።

«ባምላክ» አለ አባቴ።

«አቤት።»

«ከየትኛው ዘመድ ነው የምንመካከረው?»

«ከዘመድ ነዋ፤ ሥርዓት አይደለም እንዴ!»

«ዘመድ ብዬ የምጠራው አንተን ነው። እዚሁ አለህ። ብሥራትም አለ።» አባቴ እጁን ወደ አገጩ ላከ፤ የሚይዘው ጢም ሲያጣ እጁን መለሰ። «ሥርዓቱን አውቀዋለሁ። ዓመት ሙሉ ሥርዓት ስጠብቅ ተቀመጥሁ፤ አንተም ስትጠብቅ ተቀመጥህ። ሚስትህ ታማ ድና፣ እኔ አልጠየቅኋትም። መሪጌታ፣ ልጄ ሥራ ይጠብቃታል። መጠበቅም አትወድም፤ በእናቷ ወጥታ ነው። ሰጥቻለሁ።»

መሪጌታ ገድሉ ለሁለተኛው ጉዞ ያዘጋጁት ንግግር ነበራቸው መሰለኝ፤ ሳይነገር ቀረ። «እንግዲህ… እግዚአብሔር ያክብርልን» አሉና ተቀመጡ። ሁለቱ ጓደኞቻቸው እርስ በርስ ተያዩ።

«በአንድ ጉዞ!» አሉ ጋሼ ባምላክ። «ልጅ በአንድ ጉዞ ይሰጣል? እንደ ቲማቲም?»

«ቲማቲምም ቢሆን ይከራከሩበታል» አሉ መሪጌታ፣ ፈገግ ብለው። «እኛ ግን አናማርርም።»

«እርስዎ ለምን ያማርራሉ! እኔ ነኝ እንጂ ከዘራ ይዤ የመጣሁት!»

ምግብ ይዤ ወጣሁ። ቀን ሲቆጥሩ ከሰዓት ሆነ። ጋሼ ባምላክ በአባቴ ላይ እንደተቆጡ ነበሩ፤ ቁጣቸው ግን እንጀራውን ከመጠቅለል አላገዳቸውም። ሠርጉ ከጥምቀት በኋላ ባለው እሑድ እንዲሆን ሲስማሙ እጃቸውን አነሡ።

«አንድ ነገር ግን እኔ እወስናለሁ። ሙሽራው የሚቆረጠው በእኔ እጅ ነው። እዚያ ወንበሩ ቀይ የሆነ ቤት አይሄድም።»

«ይቆረጣል» አሉ መሪጌታ፣ ሕዝቅኤልን ሳይጠይቁ።

ጓዳ ገብቼ ጻፍሁለት፤ ጥር እንደሆነ፣ ከጋሼ ባምላክ ጋር መቆረጥ እንዳለበትም። ወዲያው ደወለ።

«ማን ናቸው እሳቸው? ስንት ሰዓት ይፈጃሉ?»

«ግማሽ ቀን። የአባትህን ስም፣ ያስተማሩህን ሰዎች፣ እኔን ለምን እንደምታገባኝ ይጠይቁሃል። ሁሉንም መልስላቸው።»

«ምሥጋና፣ አንቺ ነሽ ይህን የምትዪው?»

«እኔ ነኝ። ሠርጉ እሑድ አይደል? ቅዳሜ በጠዋት ሂድ፤ ከሰዓት ከሄድህ አይጨርሱህም።»

ከሳሎን ጋሼ ባምላክና አባቴ ስለ ድንኳኑ መጨቃጨቅ ጀምረዋል። ስልኩን ዘግቼ ቡና ልቀዳ ሄድሁ።